የእሑድ ዋስ

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ማለዳ መጥቶ «አቶ ላሊሶ ዳና አርፈዋል፤ ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው» ብሎ ሲለፍፍ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ግራና ቀኝ ያለው ሰፈርተኛ ነጠላውን እያጣፋ ወጥቶ እርስ በርሱ ተያየ። «ማናቸው ደግሞ?» አለች ጎረቤቴ። «ከኮንዶሚኒየሞቹ ይሆናሉ» አለ ሌላው። ጡሩምባ ነፊው ደጋግሞ ለፍፎ አንድም ሰው አለመደንገጡ ቅር ሳያሰኘው አልቀረም፤ ጡሩምባውን ከአፉ አንሥቶ፣ «ጋሽ ዋሱ ናቸው እኮ፣ ፀጉር አስተካካዩ» አለ። ሰፈሩ ያን ጊዜ ነው በአንድ አፍ ያለቀሰው።

እኔ ግን ስማቸውን አውቅ ነበር፤ በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ፊት ስንት ጊዜ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ከእንባዬ በፊት የመጣብኝ ሣቅ ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። ጋሽ ላሊሶ መቼስ ለሞትም ቢሆን ከእሑድ ሌላ ቀን አይመርጡም ብዬ አሰብኩ።

ከወላይታ የመጡት ገና በወጣትነታቸው ነው። ፀጉር ቤታቸው ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከኅብረት ሱቁ ፊት ለፊት ነበረች። አንድ ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ አንድ መስታወት፣ ተራ ለሚጠብቅ ሰው አንድ አግዳሚ። አጭር፣ ደልደል ያሉ ሰው ነበሩ፤ ሲራመዱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ወደ ፊት አስቀድመው ነው። ጴንጤ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በደርግ ጊዜ ደግሞ ጴንጤነት የሚያስመሰግን ነገር አልነበረም፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ቆይቷል። የቀበሌያችን ሹማምንት ግን ስለ እሳቸው ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ኖሩ። በየሳምንቱ ጉሮሯቸውን ለማን ምላጭ እንደሚሰጡ ያውቃሉና።

አንድ አመል ነበረባቸው። ዋስ ሁነኝ ያላቸውን ሰው እምቢ ማለት አይችሉም። ሥራ ሊቀጠር ዋስ አምጣ የተባለ፣ ቀበሌ የታሰረ፣ ዕቁብ የደረሰው፣ ሁሉም ወደ እሳቸው ወንበር ነው። ባለጉዳዩ ተቀምጦ፣ አረፋው ተቀብቶ፣ «ጋሽዬ፣ አንዲት ጉዳይ...» ሲል ገና ሳይጨርስ «እኔ አለሁ» ይላሉ። ለምኑ እንደሆነ እንኳ አይጠይቁም። «ለምን ብሎ መጠየቅ የሰው ኪስ መዳበስ ነው» ነበር የሚሉት። እንዲያው ነገሩን በቀልድ ሲያልፉት ደግሞ «አንገቱ በእጄ፣ ምላጩ በእጄ፣ እንዴት ብዬ እምቢ ልበለው?» ይላሉ። እውነቱን የነገሩኝ ኋላ ነው። አዲስ አበባ እንደገቡ አንድ ልብስ ንጽሕና ቤት ሊቀጥራቸው ፈልጎ ዋስ አምጣ አላቸው። የሚያውቃቸው ሰው ስላልነበረ ሥራው ቀረባቸው፤ ያን ክረምት ያሳለፉት ሾላ ገበያ በረንዳ ላይ ነው። «ሰው አለኝ ብሎ የሚጠራው ሲያጣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ እኔ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

አሁን ደግሞ ደረጀን ላስተዋውቃችሁ፤ የልጄን አባት። ደረጀ መልከ መልካም፣ አፉ ጤፍ የሚቆላ፣ አፍሮው ከበር ቀድሞ የሚገባ ሰው ነበር። ከቀበሌያችን በላይ ባለው አስተዳደር፣ በከፍተኛው፣ የኪነት ቡድን አኮርዲዮን ይጫወታል። ከእሱ ጋር የተለያየነው ያለ ጠብ ነው፤ ለጠብም ቢሆን እኮ ቤት መገኘት ያስፈልጋል። ሸንጎው ልጃችን ምሕረት ከእኔ ጋር እንድትኖር፣ እሑድ እሑድ ግን ከነዋሪዎች ስብሰባ በኋላ አባቷ ከደጄ ወስዶ እንዲያውላትና ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልሳት ወሰነ። ውሳኔው ጥሩ ነበር፤ ማኅተምም ነበረበት። ደረጀ ላይ ግን ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ አልነበረም።

የመጀመሪያውን እሑድ ልምምድ አለብኝ ብሎ ቀረ። ቀጥሎ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ደግሞ የአኮርዲዮኑ ቁልፍ ረገበ። ስጠይቀው «አልማዝዬ፣ የአብዮት ሥራ ነው፤ ምን ላድርግ?» ይላል። በዚያ ዘመን ለዚህ መልስ የነበረው ሰው ካለ ይንገረኝ። ምሕረት ስድስት ዓመቷ ነበር። ነጭ ካልሲዋን ስባ፣ በራችን ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ሰው ዳገቱን በወጣ ቁጥር ቀና ትላለች። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለአዋቂ ሲሆን ያሥቃል፤ ለሕፃን ሲሆን ግን አንጀት ይበላል።

ሸንጎ ሄጄ ከሰስኩ። ሰብሳቢው በጡረታ የወጣ መቶ አለቃ ነው፤ ችግሩን ሳይደብቅ ነገረኝ። «እንዳልቀጣው ከፍተኛው ያለ አኮርዲዮን ይቀርና እኔው እጠየቃለሁ። እንዳልተወው ውሳኔያችን መሳቂያ ሆነ።» ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና አገር ያወቀውን ዘዴ አመጣ። «ዋስ ይጥራ» አለ።

ደረጀ ዋስ ፍለጋ አልተንከራተተም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ጋሽ ላሊሶ ኮታቸውን ለብሰው ሸንጎ ቀረቡ። «ጓድ ላሊሶ፣ ለጓድ ደረጀ ዋስ ይሆናሉ?» ተባሉ። «እኔ አለሁ» አሉ፤ ፈረሙም። ሰብሳቢው የዋስትናውን ቃል ማንበብ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። «አባትየው እሑድ ካልቀረበ፣ ዋሱ በእሱ እግር ተተክቶ ልጅቱን ከእናቷ ደጅ ይቀበላል፤ አውሎም ይመልሳል።»

አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። ጋሽ ላሊሶም መጀመሪያ ከሰዉ ጋር ሣቁ፤ ቀጥሎ ሣቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ልጅ ነው እንዴ ያስያዛችሁኝ?» አሉ።

«እሑድን ነው» አለ ሰብሳቢው።

«እሑድማ ገበያዬ ነው። ሰው ሁሉ የሚላጨው እሑድ አይደል?»

«ፈርመዋል እኮ፣ ጓድ ላሊሶ።»

ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ። ደረጀ ከኋላቸው «ጋሽዬ፣ አያስቡ፣ እኔ ራሴ እመጣለሁ» ሲል ሰምቻለሁ። ዞር ብለው «መጣሁ ማለትና መምጣት ሁለት መንገድ ናቸው» አሉት። ይህችን አባባል ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ልሰማት ነው።

የሚቀጥለው እሑድ ደረጀ ቀረ። ምሕረት ድንጋይዋ ላይ ናት። እኔም በልቤ ዋስ ተብዬውንም አየነው እያልኩ ላስገባት ስወጣ፣ ጋሽ ላሊሶ ነጭ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። ከኋላቸው አንድ ጉንጩ የተላጨ፣ ሌላው ጉንጩ ላይ የሳሙና አረፋ የተለደፈ ሰው ይከተላቸዋል። የሾላ እህል ነጋዴ ነበር።

«ኧረ ጋሽ ላሊሶ፣ ይጨርሱኝ እንጂ፤ እንዲህ ሆኜ የት ልግባ?» ይላል ሰውዬው።

«ሰዓት ደረሰ። የሸንጎ ውሳኔ ነው» ይላሉ ሳይዞሩ።

እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ ልጄን ለባዕድ ሰው አልሰጥም አልኩ። ጋሽ ላሊሶ በጣም ተገረሙ። «እኔስ መቼ ፈለግሁ? ያስያዙኝ እነሱ ናቸው» አሉ። ያ ነጋዴ አረፋው ጉንጩ ላይ እየደረቀ መሃላችን ገብቶ አስታረቀን፤ እሱ የፈለገው ቶሎ መላጨት ነው። በመጨረሻ ሰውዬውን እደጄ ላይ ላጭተው ጨረሱትና፣ እሳቸውና ምሕረት ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን የእንጦጦን መንገድ ያዝን።

ከልጅ ጋር ምን እንደሚወራ አያውቁም ነበር። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዝም ብለው ይወጣሉ። ምሕረትም አይታ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች እነዚህን ሁለት ሽማግሌዎች እያዩ መንገድ ለቀቁላቸው። ብዙ ከሄዱ በኋላ ምሕረት ናት የጀመረችው።

«አንተ ማነህ?»

«ዋስ ነኝ።»

«ዋስ ምንድን ነው?»

ባሕር ዛፉ ውስጥ እስክንገባ ድረስ አሰቡ። «ሌላው ሰው ሲቀር የሚመጣ ነው» አሏት።

ይህ መልስ በጣም አረካት። ከዚያ ወዲያ «ዋሴ» ሆኑ። አጎት፣ አያት እንደሚባለው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ዋስ ያለው መስሏት ነው መሰለኝ፣ የጎረቤት ልጆችን «የአንቺ ዋስ የታለ?» እያለች ታፋጥጣቸው ጀመር። ጋሽ ላሊሶም የባሕር ዛፍ ፍሬ ለቅመው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማሽከርከር አስተማሯት። የማን ፍሬ ብዙ እንደተሽከረከረ ሲከራከሩ እኔ የምዳኝ ሆንኩ። ከጥቂት እሑዶች በኋላ እነሱን መከተሉን ተውኩት፤ አድልዎ አለብሽ ብለው ሁለቱም ከሰሱኝና።

በነገሩ ተደስተው ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጀን እንደ ጠፋ በግ ይፈልጉታል። የምላጭ ከረጢታቸውን ይዘው ከፍተኛው አዳራሽ ገብተው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ልምምዱ እስኪያልቅ አይነቃነቁም፤ ጭብጨባ በማያስፈልግበት ቦታ ያጨበጭባሉ፤ የቡድኑ ኃላፊ ግራ እስኪገባው ድረስ። ደረጀ በጓሮ በር ይወጣል። ቆይተው ሌላ መላ ዘየዱና «እሑድ እስክትመጣ ድረስ መቀሴ ራስህን አይነካም» አሉት። አፍሮው አድጎ አድጎ መድረክ ላይ ከኋላው የቆሙትን ዘፋኞች ጋረደ። ተናዶ ላምበረት ሌላ ፀጉር ቤት ሄደ፤ ያም ሰው አንድ ጎኑን ከፍ፣ አንድ ጎኑን ዝቅ አድርጎ ላከው። ጋሽ ላሊሶ አይተው «እግዜር ዳኛ ነው» ብቻ አሉ።

እንዲህ እየሣቅን ሳለ ነው ያ ክፉ እሑድ የመጣው።

ደረጀ በዚያ ሳምንት መንገድ ላይ ምሕረትን አግኝቷት፣ እሑድ ይዟት ሄዶ መድረክ አጠገብ አስቀምጦ አኮርዲዮን ሲጫወት እንደሚያሳያት ቃል ገባላት። ለሰፈር ልጅ ሁሉ ነገረች። እሑድ ደረሰ፤ ደረጀ የለም። በዚያው ሰሞን ጋሽ ላሊሶ የወጣትነታቸው ወባ ተነሥቶባቸው ጋቢ ተከናንበው ተኝተው ነበርና እሳቸውም የሉም። እንደዚያ ማንም ያልመጣበት እሑድ የመጀመሪያችን ነው። ሲመሽ ተሸክሜ አስገባኋት። ጫማሽን ላውልቅልሽ ብላት እምቢ አለች። «አባዬ ሲመጣ ይቸኩላል» አለችኝ። በጫማዋ ተኛች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ይበልጥ ነበር።

ሰኞ ጋሽ ላሊሶ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ እየተንቀጠቀጡ መጡ። ምሕረት ወደ እሳቸው ሮጣ ሄደች፤ ምን እንደተባባሉ ከቤት ሆኜ አልሰማሁም። ወጥቼ «ጋሽ ላሊሶ፣ ይህ ነገር ይብቃ» አልኳቸው። «ውሳኔው እንዲሰረዝ አመለክታለሁ። እሑድ የሚባል ነገር ከሌለ የምትጠብቀውም አይኖርም። ሰብሳቢው ዋሱ ከወረደ ጉዳዩን እዘጋዋለሁ ብሎኛል። እባክዎ ይውረዱልኝ።»

እሷ የምትቀመጥባት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ደክሞኛል፣ አልማዝ። ገበያዬም ሞተ» አሉ። «እወርዳለሁ።»

በሸንጎው ቀን ልቤ ሞልቶ ነው የሄድኩት። ደረጀ አኮርዲዮኑን በሳጥኑ ይዞ ኋላ ተቀምጧል፤ ከዚያ ቀጥሎ ልምምድ ነበረበት። ሰብሳቢው የእኔን ማመልከቻ አነበበና «ጓድ ላሊሶ፣ ከዋስትና ለመውረድ መጥተዋል ማለት ነው?» አላቸው።

ተነሡ። 

«ልወርድ ነበር የመጣሁት» አሉ። «ለወይዘሮ አልማዝም ቃል ሰጥቻታለሁ። አሁን ቃሌን ላፈርስ ነውና ይቅር ትበለኝ። ባለፈው እሑድ ታምሜ ቀረሁ። ሰኞ ብሄድ ልጅቱ ምን አለችኝ መሰላችሁ? ‹ዋሴ፣ አንተም ልምምድ ነበረብህ?› አለችኝ።»

አዳራሹ ውስጥ የሣቀ አልነበረም።

«እኔ ዛሬ ብወርድ፣ ይህች ልጅ ሰው የሚባል ሁሉ ይቀራል ብላ ታድጋለች። አልወርድም። አባቷ ሲመጣ ይምጣ። እስከዚያ ግን እሑድ ሰው ይመጣል፤ ይኼን ትወቅ። የፈረምኩት ለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ አላወቅሁም እንጂ።»

ተቀመጡ። ወደ ደረጀ ዞሬ አየሁት። ሊናገር ተነሥቶ ነበር፤ የአኮርዲዮኑን ሳጥን አቅፎ መልሶ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ማመልከቻዬን አጥፎ መለሰልኝ።

ያን ዕለት ጋሽ ላሊሶን ጠላኋቸው። ልጄን ከሚያቆስላት ነገር ላወጣት በር ስከፍት በሩን የዘጉብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። እሑድ ሲመጡ ሰላምታቸውን አልመለስኩም። በሩን ገርበብ አድርጌ ልጅቱን አስወጥቼ ዞር እላለሁ። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ባርኔጣቸውን አንሥተው «እንደምን ዋልሽ፣ አልማዝ» ይላሉ፤ ለተዘጋው በር።

ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ሆነ። የኪነት ቡድኑ ትልቅ ዝግጅት ነበረበትና ደረጀ፣ የተከለከልኩት መቀስ እንጂ ምላጭ አይደለም ብሎ፣ ሊላጭ ፀጉር ቤታቸው ገባ። ጢሙን ደግሞ በጣም ነው የሚወደው። ጋሽ ላሊሶ ሞቅ ያለ አረፋ ቀቡት፤ ቀኝ ጉንጩን እንደ ሙሽራ አሳምረው ላጩት፤ ከቀኝ በኩል የጢሙን ግማሽ አነሡት። ከዚያ ምላጩን ጠረጉና ዘጉ፤ ብሩሹን፣ ሳሙናውን፣ ፎጣውን ከረጢት ውስጥ ከተቱ፤ ባርኔጣቸውን አደረጉ።

«ጋሽዬ፣ ምነው?» ይላል ደረጀ።

«የቀረው አልማዝ ደጅ ነው የሚላጨው» ብለው ወጡ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ያ የሾላ እህል ነጋዴ ነው፤ ተራ ይጠብቅ ነበርና ዘዴው ከየት እንደተቀዳ እሱ ያውቃል። እኔ ያየሁት ጋሽ ላሊሶ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲመጡ፣ የከፍተኛው ዝነኛ ደረጀ ደግሞ ግማሽ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ግድግዳ ግድግዳውን ሲከተላቸው ነው። እንዲያ ሆኖ መድረክ መውጣት አይችል፣ ቡና ቤት መግባት አይችል። የዓለም በር ሁሉ ተዘግቶበት የቀረው የእኔ ደጅ ብቻ ነበር።

ምሕረት ስታየው ከድንጋይዋ ላይ በሣቅ ወደቀች። እኔም ሣቄን ለመደበቅ ወደ ቤት ገባሁ። ጋሽ ላሊሶ ከውጭ «በርጩማና ውሃ» አሉ፤ ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ። በርጩማውን አወጣሁ። ከዚያም ለሳምንታት የዘጋሁትን አፌን ከፍቼ «ውሃው ሞቅ ይበል ወይስ እንዲሁ ይሁን?» አልኳቸው።

«ሞቅ ይበል» አሉ። ታረቅን ማለት ነው።

መስታወቱን ምሕረት ያዘች። ጋሽ ላሊሶ በዚያን ዕለት እንደላጩት ቀስ ብለው የላጩት ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ላጭተው ምላጩን ይጠርጋሉ፣ አየሩን ያያሉ፣ ስለ ዝናብ ይናገራሉ። ደረጀ የሚያየው ቦታ ስላልነበረው መስታወቱን አየ፤ ከመስታወቱ በላይ ያለውን ፊት አየ። ጨርሰው ፎጣውን ሲያነሡለት ምሕረት «አሁን ትሄዳለህ አይደል?» አለችው። እንዲያ ስትል አታለቅስም፣ አትቆጣም፤ እንዲሁ ማወቅ ፈልጋ ነው። ደረጀ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። «አልሄድም» አለ። ያን ዕለት ከፍተኛው ያለ አኮርዲዮን ጨፈረ።

ከዚያ ወዲያ ደረጀ መልአክ ሆነ ብል እግዜርም ይታዘበኛል። ያረፍዳል፣ ሰበብ ያበዛል፣ አንዳንድ እሑድም ሳይላጭ ያመልጣል፤ ያን ጊዜ ዋሱ ይመጣሉ። በአብዛኛው ግን ግማሽ ጢሙን ይዞ መጣ። ሰፈሩም ለመደው፤ እሑድ ጠዋት ደረጀ በግማሽ ፊት ዳገቱን ሲወጣ ያየ ሰው ሰዓት እንደነገሩት ነው የሚቆጥረው። እያደር ጋሽ ላሊሶ ሙሉውን ቢላጩት እንኳ መምጣቱን የማይተው ሆነ፤ እሳቸው ግን አላመኑትም። «ግማሹ ይሻላል» ይሉ ነበር። ሦስቱም አብረው ወደ እንጦጦ መውጣት ጀመሩ፤ አባት ከፊት አኮርዲዮኑን ይዞ፣ ልጅ መሃል፣ ዋስ ከኋላ እጃቸውን አጣምረው።

ከዓመታት በኋላ መንግሥት ተለወጠ። ቀበሌው ተዘጋ፣ የሸንጎው ወረቀት በየመንገዱ ተበተነ፣ የኪነት ቡድኑም ፈረሰ። ከተማው ፀጥ ያለበት ያ የመጀመሪያው እሑድ ሲመጣ፣ ምሕረት ትልቅ ልጅ ሆናለች፤ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ከተወች ቆይታለች። ማንም አይመጣም ብዬ በሩን ቆልፌ ነበር። ተንኳኳ። ደረጀ ነው፤ ያለ አኮርዲዮን፣ ጢሙ እንዳደገ፣ መንገዱን ሁሉ በእግሩ መጥቶ።

«ጋሽ ላሊሶ አልመጡም እንዴ?» አለኝ። ለካ ፀጉር ቤቱ ዝግ ሆኖበት በቀጥታ ወደ እኛ መምጣቱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ላሊሶ ከረጢታቸውን አንጠልጥለው እያለከለኩ ደረሱ። «ዋሴ፣ አረፈዱ» አላቸው ደረጀ። በሕይወቱ ይህን ለሰው የመናገር ዕድል ያገኘው ያን ዕለት ብቻ ይመስለኛል።

እኔም «ጋሽ ላሊሶ፣ ምን ያስወጣዎታል በዚህ ቀን? ሸንጎው ፈርሷል እኮ፤ ዋስትናውም አብሮ ፈርሷል» አልኳቸው።

ደነገጡ። «ማን አወረደኝ?» አሉ። «ዋስ የሚወርደው ባለጉዳዩ ሲያወርደው ነው። አንቺ አወረድሽኝ?»

«አላወረድኩዎትም።»

«እንግዲያው በርጩማ አምጪ።»

በስተርጅናቸው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ፀጉር ቤቱን ከዘጉ በኋላ፣ ይህች ነገር የሁለታችን ጨዋታ ሆነች። ልጠይቃቸው ስሄድ «ኧረ አልማዝ፣ አርጅቻለሁ፤ አውርጅኝ» ይላሉ። «አላወርድም» እላለሁ። ይሥቃሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ተኝተው ነው፤ ድምፃቸው አይሰማም ነበር። ጆሮዬን አስጠጋሁ። «አሁንም?» አሉኝ። «አሁንም» አልኳቸው። እጄን ጨበጥ አደረጉት፤ የተደሰቱ መሰለኝ።

እንግዲህ ወደዚያ እሑድ ልመለስ። ምሕረት ልጆቿን ጎረቤት ትታ ዓይኗ አብጦ መጣች። «ለአባዬ ደውዬለታለሁ፤ ግን ታውቂዋለሽ፣ ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው» አለችኝ። አውቀዋለሁ። ደረጀ ሰባ ዓመቱን አልፏል፤ ሰባ ዓመትም ቢሆን ማርፈዱን አላስተወውም።

የመቃብሩ ቦታ ስንደርስ ከዘመዱም፣ ከእድርተኛውም፣ ከዘማሪዎቹም በፊት አንድ ሽማግሌ ብቻውን ቆሟል። ደረጀ ነበር። ሰዉ እየገባ ሲያየው ይደነግጥና ፊቱን ያዞራል። ቀኝ ጉንጩ ተላጭቷል፤ ግራው ነጭ ሪዝ እንዳለ ነው፤ ጢሙም ግማሹ የለም።

ምሕረት አየችውና እንባዋ ከሣቋ ጋር ተቀላቀለባት። «አባዬ፣ ምንድን ነው ይኼ?» አለችው።

«ጠዋት ጀምሬው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ግማሹ ላይ ስደርስ ሰዓቱን አየሁ። ብጨርሰው ላረፍድ ነው። ዛሬ እንኳ ላርፍድባቸው?»

ከቀብር መልስ ቤቴ ገባን። በርጩማውን ደጅ አወጣሁ፣ ውሃ ሞቅ አደረግሁ። ምሕረት የአባቷን አገጭ በሁለት ጣቷ ቀና አድርጋ፣ ምላጩን እንደ ዋሷ በዝግታ እየጠረገች፣ የቀረውን ጉንጩን ላጨችው። መስታወቱን እኔ ያዝኩ።